ዘፈን እግር ነበረው

ግእዝ ለቀመሰ ሰው «ዘፈነ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ጉሮሮ ሳይሆን እግር ነው። በግእዙ ዘፈነ ማለት ጨፈረ፣ አሸበሸበ ማለት ነውና። ዳዊት በታቦቱ ፊት ዘፈነ የተባለው፣ የሄሮድያዳም ልጅ በሄሮድስ የልደት ግብዣ ላይ ዘፈነች ተብሎ የተጻፈባት፣ ድምፃቸው ስላማረ አይደለም፤ ገላቸው ስለ ተናገረ ነው። በዛሬው አማርኛችን ግን ያው ቃል ከእግር ተነሥቶ ጉሮሮ ላይ ሰፍሯል። ዘፋኝ ስንል ማይክራፎን የጨበጠውን ሰው ማለታችን ነው፤ የጥንቱን ዘፋኝ፣ በእግሩና በትከሻው የሚዘፍነውን፣ «ተወዛዋዥ» የሚል ስም አውጥተን ከኋላ አሰልፈነዋል። ቃሉ ከእግር ወደ አፍ ሲወጣ የሄደበት መንገድ የሥነ ጽሑፋችንም መንገድ ይመስለኛል። ዛሬ ጠቤ ከዚህ መንገድ ጋር ነው።

ከማን ጋር እንደምጣላም አልሸሽግም፤ ከሥነ ጽሑፍ አፍቃሪዎች ጋር ነው። ውዝዋዜን ከሚንቁ ሰዎች ጋር መከራከር ድካም ነው፤ አብዛኞቹ ግጥምም አይወዱም። እኔን የሚያሳስቡኝ ግጥም የሚወዱት ናቸው፤ የሰርግ ዘፈን፣ ሙሾ፣ ሽለላ፣ መንዙማ እየለቀሙ የሚያሳትሙት፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚያጠኑት፣ በየምሽቱ መድረክ ላይ የሚያነቡልን። እነርሱ ባይኖሩ ብዙ ነገር ይጠፋ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ሲሰበስቡ የሚያደርጉትን ተመልከቱ። አረጋዊቷን ወንበር ላይ ያስቀምጣሉ፤ መቅረጫውን ይደቅናሉ፤ ከዚያም «እስቲ ግጥሙን ይበሉልን» ይላሉ። እዚሁ ወረኢሉ እንዲህ የተጠየቁ አንዲት እናት «ተቀምጬ አይመጣልኝም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጠያቂው ፈገግ አለ፤ የእርጅና መርሳት መስሎት። እርሳቸው ግን የሥነ ግጥም ሕግ ነበር የነገሩት፦ ስንኙ የተቀመጠው በጭብጨባውና በእርምጃው ውስጥ ነው፤ እርሱ ካልተነሣ ስንኙም አይነሣም።

መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ሌላ ጥፋት ይጨመርበታል። ሦስት ጊዜ የተደገመው ስንኝ አንድ ጊዜ ይጻፋል። «አሃ»ውና «ሆ»ው ይቆረጣል። አዝማቹ ከላይ አንዴ ይሰፍርና ከዚያ በኋላ «አዝ» በምትል ምልክት ይታለፋል። አውራጁ የቱን አለ፣ ተቀባዮቹ የቱን መለሱ፣ አይለይም። ቀጥሎ ሐያሲው ብቅ ይልና ግጥሙ ሳስቷል፣ ሐሳቡ አያድግም፣ ድግግሞሽ ይበዛዋል ብሎ ይፈርዳል። ለምን አይበዛው? ስንኙ ሦስት ጊዜ የሚባለው አንዷ ከክቡ ወጥታ መካከል እስክትገባ፣ ሌላዋ እያጨበጨበች እስክትመለስ ድረስ ነው። ሐያሲው የቃል ድህነት ብሎ የቆጠረው የሜዳውን ስፋት ነበር። ይህ እግር አልባ ገላ ፊት ቆሞ «አረማመዱ አያምርም» እንደ ማለት ነው።

የራሳችንን ጉዳት ከልማድ የተነሣ አናየውምና ወደ ሩቅ አገር ወሰድ ላድርጋችሁ፤ ወደ ጣልያን። ወረኢሉ ተቀምጦ ጣልያንን ማንሣት ግር እንደሚል አውቃለሁ። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ክተት ሲያውጁ የሸዋ ሠራዊት እስከ ጥቅምት እኩሌታ ተጠቃልሎ እንዲገኝ የተቀጠረው በዚሁ ወረኢሉ ነበር። እኔ ግን ጣልያንን የምጠራው ለምስክርነት እንጂ ለውዳሴ አይደለም። በሙያዬም ብሆን አላመልጣቸውም፤ ባንክ የሚለው ቃል ከእነርሱ የመጣ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የማመሳክረው የዴቢትና የክሬዲት ሥርዓትም እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ በታተመው የሉካ ፓቾሊ መጽሐፍ የተብራራ ነው።

ፓቾሊ ይህን ከማሳተሙ አርባ ዓመት ያህል ቀድሞ በዚያው አገር መሳፍንት ቤት ሌላ ዓይነት መዝገብ ተከፍቶ ነበር። ዶሜኒኮ ዳ ፒያቼንዛ የተባለ የውዝዋዜ መምህር፣ ከእርሱም በኋላ ደቀ መዛሙርቱ አንቶኒዮ ኮርናዛኖና ጉልዬልሞ ኤብሬዮ፣ የቤተ መንግሥቱን ጭፈራ ከነዜማው በመጽሐፍ አሰፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1463 የተጻፈው የጉልዬልሞ መጽሐፍ ለጨፋሪ የሚያስፈልጉትን ነገሮች ይዘረዝራል፤ ከእነርሱም መካከል ልክ፣ ትውስታና የሜዳ አከፋፈል ይገኛሉ። ልክ ማለት እርምጃን ከዜማው ጋር ማመጣጠን ነው። ትውስታ ማለት የቱ እርምጃ የቱን እንደሚከተል አለመዘንጋት ነው። የሜዳ አከፋፈል ደግሞ ወለሉ ስንት እርምጃ እንደሚበቃ አስቀድሞ በዓይን መመጠን ነው። (በጠባብ ዳስ ውስጥ ሃያ ሰው ሲጨፍር፣ አንዱም የሌላውን እግር ሳይረግጥ ሲያመሽ ያየ የወሎ ሰው ይህ ሦስተኛው ሊብራራለት አያሻም።) የሚገርመው ጉልዬልሞ ትውስታን እንደ አንድ የውዝዋዜ ምሰሶ መቁጠሩ ነው። እኛ ትውስታን የአፍና የጭንቅላት ሥራ አድርገነዋል፤ እርሱ ለእግርም ሰጠው።

አሁን ወደ ኦፔራው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1589 ፍሎሬንስ ላይ የመስፍኑ የፈርዲናንዶ ዴ ሜዲቺ ሰርግ ሲደገስ፣ በአንድ ኮሜዲ ክፍሎች መካከል ስድስት የዜማ ትርኢቶች ቀረቡ። በመጨረሻው ትርኢት አማልክት ከሰማይ ይወርዱና ስምምነትንና ምትን ለሰው ልጆች ይሰጣሉ፤ ሴቶች እየዘፈኑ፣ የዜማ መሣሪያም እየመቱ ይጨፍራሉ። የዚህን መዝጊያ ዜማም እርምጃም የደረሰው ኤሚልዮ ዴ ካቫልዬሪ ነው። ግጥሙ የተጻፈው በኋላ ነበር፤ ላውራ ጉዊዲቾኒ የተባለች ባለቅኔ በተዘጋጀው ዜማና እርምጃ ልክ ቃል ሰፋችለት። ገጣሚ ልብስ ሰፊ ሆነ፤ ገላው ውዝዋዜው ነው። በ1591 የትርኢቱ ሙዚቃ ሲታተም የእርምጃው ዝርዝር አብሮ ታተመ፤ ማን ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ በየትኛው ስንኝ ላይ የትኛው እርምጃ እንደሚመጣ ተጻፈ። በዝርዝሩ ያሉትን የእርምጃ ስሞች የሚፈቱልን ደግሞ በ1581 ፋብሪትዮ ካሮዞ፣ በ1602 ቼዛሬ ኔግሪ ያሳተሟቸው የውዝዋዜ መጻሕፍት ናቸው። ስለዚህ ያ ጭፈራ ዛሬም ሊጨፈር ይችላል። ዜማውም «የፍሎሬንስ ዜማ» እየተባለ በአውሮፓ ዞረ፤ ከመቶ በላይ ድርሰቶች በእርሱ ላይ ተሠሩ።

ካቫልዬሪና ጉዊዲቾኒ ከዚያ ቀጥለው በ1590 እና በ1595 ከዳር እስከ ዳር በዜማ የሚቀርቡ የእረኞች ተውኔቶች ሠሩ። ብዙዎች ከኦፔራ እናቶች የሚቆጥሯቸው እነዚህን ነው። ሙዚቃቸው ጠፍቷል። ከእነዚህ አንዱ የዓይን ማሰር ጨዋታን በውዝዋዜ የሚያሳየው ክፍል ነበር፤ መነሻውም የባቲስታ ጓሪኒ ታዋቂ ተውኔት ነው። ጓሪኒ ራሱ ያንን ትዕይንት እንዴት እንደ ጻፈው ሲያስረዳ፣ መጀመሪያ የውዝዋዜው መምህር እርምጃውን እንዳበጀ፣ ቀጥሎ የዜማው ሊቅ ዜማውን እንደ ሠራ፣ በመጨረሻ እርሱ ቃሉን ከዚያ ጋር እንዳገጣጠመ ይናገራል። የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሆይ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። በዘመኑ እጅግ ከተነበቡት ባለቅኔዎች አንዱ ብዕሩን ከእግር ኋላ አስከተለ፤ አላፈረበትምም።

ሌላም አለ። በ1598 ፍሎሬንስ ላይ የቀረበችው «ዳፍኔ» የመጀመሪያዋ ኦፔራ ትባላለች፤ የሪኑቺኒ ግጥም ሙሉውን አለ፣ ከሙዚቃዋ ግን የቀሩት ስድስት ቁራጮች ናቸው። የሞንቴቬርዲ «አሪያና» በ1608 በማንቱዋ ሰርግ ላይ ቀረበች፤ ዛሬ በእጅ ያለው የአሪያና ለቅሶ ብቻ ነው። እንግዲህ ቃሉ ስለ ቀረ «ዳፍኔ አለች» የሚል ጣልያናዊ የለም። ጠፋች ይላሉ፤ በጠፋችበትም ስም ያዝኑላታል፤ ቁራጯን ይፈልጋሉ። እኛ ግን ቃሉ በመጽሐፍ ከገባ «ተሰብስቧል፣ ተሰንዷል» ብለን መዝገቡን እንዘጋለን። በባንክ ቤት እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚዘጋ ሠራተኛ ማታውን ቤቱ አይገባም፤ አንዱ ወገን ተመዝግቦ ሌላው ካልተመዘገበ ሚዛኑ አይመጣምና።

የእኛን ዳፍኔዎች ልቁጠር። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን (1887–1939 ዓ.ም.) የአማርኛ ቴአትር አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። የቅኔ ቤት ልጅ ነበርና ተውኔቱን ያለ ዜማ አላሰበውም። ከተውኔቶቹ አንዳንዶቹ ዛሬ በስማቸው ብቻ ነው የሚነሡት። ቃላቸው የተረፈውንም የምናነበው እንደ መጽሐፍ ነው፤ በትምህርት ቤት ያቀረቧቸው ልጆች በየትኛው ስንኝ ላይ ወዴት እንደ ዞሩ፣ ምን እንዳሸበሸቡ የሚነግረን ገጽ በጎኑ የለም። ከእርሱ ቃል ከነሙሉ ዜማው የኖረልን ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማ የሠራለት፣ እስከ 1967 ዓ.ም. የተዘመረው ብሔራዊ መዝሙር ነው። ለምን ኖረ ቢባል በኖታ ስለ ተጻፈና ባንድ ስለ መታው ነው። የአሪያና ለቅሶ የኖረበት ምክንያትም ከዚህ ሩቅ አይደለም።

ወደ አገራችን ወደ ወሎ እንመለስ። ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ የእኛ ማንቱዋ ነው። ስለ አዳራሹ ስፋት፣ ስለ ግብሩ ብዛት፣ ደሃና መኳንንት አብሮ ስለ መብላቱ ሲተረክ ሁልጊዜ እሰማለሁ። ግብሩ ካለቀ በኋላ ስለ ተነሣው ጭፈራ የሚተርክልኝ ግን አላጋጠመኝም። ጠጁ እንኳ ከውዝዋዜው የተሻለ ታሪክ ጸሐፊ አግኝቷል!

ይህ ሁሉ የእኛ ቸልተኝነት ብቻ ነው ብዬ ታሪክን አልበድልም። የውዝዋዜ መጻሕፍትን ያሳተመው ያው አገር በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ፣ በግራዚያኒ ትእዛዝ፣ ተንከራታች ዘፋኞችን ከጠንቋዮችና ከትንቢት ተናጋሪዎች ጋር አንድ ላይ እያሰረ ረሽኗል። ዘፋኙ ወሬና ተስፋ ይዞ ከአገር አገር እንደሚዞር ገብቷቸው ነበር። አዝማሪ ሲገደል የሚሞተው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ መሰንቆውን ይዞ እየተራመደ፣ እየዞረ፣ ወደ ሰው እየጠጋ ግጥም የሚቀበልበት መላ አካሄዱ ነው። በ2014 ዓ.ም.ም በጦርነቱ ደሴ በተያዘች ጊዜ የከተማዋ ሙዚየም ተዘረፈ። የተዘረፈ ዕቃ ግን ቢያንስ በስሙና በቁጥሩ ይፈለጋል። ያልተጻፈ እርምጃ ምን ተብሎ ይፈለጋል?

«እንግዲያው ውዝዋዜ አይጻፍም፤ ተፈጥሮው ነው» የሚሉኝ አሉ። ቤተ ክርስቲያን ትመስክርባቸው። የአቋቋም ተማሪ ቃሉን ብቻ ሸምድዶ አልቀረም፤ ቃሉ፣ ዜማው፣ ዝማሜው፣ የመቋሚያው አያያዝ፣ የጸናጽሉና የከበሮው ምት አንድ ትምህርት ናቸው፤ አንዱ የጎደለበት መሪጌታ አይባልም። ትውፊቱም የሚነግረን ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን እንደ ወጋውና ሁለቱም በዜማው ተመስጠው እንዳልታወቃቸው ነው። ተረኩ እግሩን መምረጡ ያለ ነገር አይመስለኝም። መንዙማም እንዲሁ ነው። የወሎ ሸሆች በዐረብኛ ፊደል አማርኛ እየጻፉ ቃሉን አኖሩ፤ ድቤውንና ጭብጨባውን፣ ጀመዓው አዝማቹን ሲቀበል ገላው የሚያደርገውን መወዛወዝ ደግሞ ትውልድ ለትውልድ በሐድራው ላይ አስተላለፈ። ሁለቱም ሃይማኖቶች የገባቸው ነገር የእኛ ዓለማዊ ሥነ ጽሑፍ ብቻ አልገባውም።

ደግሞም ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1965 ዲዮርጅ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ የተባሉ ሁለት የሃንጋሪ ሊቃውንት ወደ አገራችን መጥተው ዜማና ውዝዋዜ አጠኑ፤ ማርቲን ከሁለት ዓመት በኋላ የኢትዮጵያን የውዝዋዜ ዓይነቶች የሚያብራራ ጽሑፍ አሳተመ። ሌላው ሃንጋሪያዊ ቲቦር ቫዳሲ ከ1970 እስከ 1973 በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት ላይ ስለ ሕዝብ ውዝዋዜያችን ሦስት ተከታታይ ጽሑፎች አወጣ። ሦስተኛው፣ በ1973 የወጣው፣ የወሎን ውዝዋዜ የሚመለከት ነው። ስለ ወሎ ውበት ግጥም ያልጻፈ ገጣሚ የለንም፤ እኔም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነኝ፤ አምባሰልና ባቲ የሁለት ቦታ ስሞች ሳሉ የሁለት ቅኝት ስሞች መሆናቸውን በየመድረኩ እንኩራራበታለን። ታዲያ ከእኛ ውስጥ ያንን ሦስተኛ ጽሑፍ ያነበበ ስንቱ ነው? በዚህ ሁሉ ዓመት ወደ አማርኛ መልሶ ለወሎ ልጅ በመጽሐፍ ያቀረበለትስ ወዴት አለ? ቡዳፔስት ስለ እግራችን ከእኛ ቀድማ ማሰቧ ሊያስቀና ይገባል።

መድረኩስ? በደርግ ዘመን ኪነት ቡድኖች፣ በተለይም እነ ማሪቱ ለገሠን ያፈራው የወሎው ላሊበላ ኪነት፣ ዘፈናችንን ለአገር አሰሙ፤ ውለታቸው ከባድ ነው። ነገር ግን መድረክ ፊት እንጂ መካከል የለውም። ክብ የነበረው ሰልፍ ሆነ፤ እርስ በርሱ ይተያይ የነበረው ጨፋሪ ወደ ተመልካች ዞረ። ዛሬ በየባህል ምሽት ቤቱ የምናየው የዚያ የልጅ ልጅ ነው። በሩብ ሰዓት ውስጥ የአሥር ብሔረሰብ ልብስ ይቀያየራል፤ ከሁሉም ውስጥ የሚታየው ትከሻው የፈጠነው ነው። እዚያ ቦታ ላይ ተቀባይ የሚባል ሰው የለም፤ ተቀባዩ እራቱን እየበላ ነው።

«ዘመኑ የካሜራ ነው፤ ሁሉም ይቀረጻል» የሚለውን ክርክር ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እርሱ ስለሆነ ነው። በአካባቢያችን፣ ከወረኢሉ እስከ መካነ ሰላም፣ የጥር ሰርግ ሁሉ ይቀረጻል፤ እውነት ነው። ብዙዎቹን አይቻቸዋለሁ። ሴቶቹ ከበሮውን ከበው ይታያሉ፤ አውራጇ አንገቷን ሰብራ ታወርዳለች፤ አጨብጫቢዎቹ ይቀበላሉ። ድምፃቸው ግን የለም። ቪድዮውን ያቀናበረው ሰው የእነርሱን ድምፅ አጥፍቶ የታወቀ ዘፋኝ የሰርግ ዘፈን ለጥፎበታል፤ «እንዲያምር» ነው። የሴቶቹ አፍ የሚለው ሌላ ነው፤ የሚሰማው ሌላ ነው፤ እግራቸው የሚሄደው ከማይሰማ ከበሮ ጋር ነው። ፍሎሬንስ ቃሉ ቀርቶላት ዜማው ጠፋባት። እኛ ደግሞ እዚህ ላይ እግሩን አስቀርተን ቃሉንም ዜማውንም በገዛ እጃችን፣ ገንዘብ ከፍለን፣ አስጠፋን። እግሩም ቢሆን ሙሉውን አልቀረም፤ ካሜራው ወደ ሙሽራዋ ቀለበት ሲሮጥ ዙሩ ይቆረጣል።

የካሮዞን ያህል መጽሐፍ ጻፉ አልልም። እኔ ለራሴ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ የባንክ ሰው ልማድ ነውና አትሳቁብኝ። የደብተሬን ገጽ በአራት ዓምድ እከፍለዋለሁ። በመጀመሪያው ስንኙን እንደ ተባለ፣ ስንት ጊዜ እንደ ተደገመ ጭምር እጽፋለሁ። በሁለተኛው ማን እንዳለው፦ አውራጅ፣ ተቀባይ ወይስ ሁሉም በአንድነት። በሦስተኛው ጭብጨባውና ከበሮው የወደቀበትን ፊደል አሰምርበታለሁ። በአራተኛው ያን ጊዜ ማን ተንቀሳቀሰ፣ በየትኛው እግር ጀመረ፣ ወዴት ዞረ፣ ትከሻው ወይስ አንገቱ ሠራ የሚለውን በተራ አማርኛ አስቀምጣለሁ። አራተኛው ዓምድ ብዙ ጊዜ በአንድ ምሽት አይሞላም፤ ሁለት ሦስት ሰርግ ይፈጃል። ከተሞላ በኋላ ግን ሳስቶ የነበረው ግጥም ሌላ ግጥም ሆኖ ይነበባል። በተለይ «አሃ»ዎቹ የወደቁበት ቦታ፣ ጨፋሪው ትንፋሽ የሚሰበስብበት ወይም አጣማጁን የሚቀይርበት ሆኖ ሲገኝ፣ ቆራጩን አርታኢ እዚያው ዳስ ውስጥ ባስገባው ብዬ እመኛለሁ።

የቃል ግጥም ለማሳተም የምትዘጋጁ፣ ገጹ ይበዛል ብላችሁ ድግግሞሹን አትቁረጡ፤ አራተኛውን ዓምድ ባትሞሉት እንኳ ባዶውን ተዉለት፤ የጎደለው ይታይ። በወረኢሉ፣ በከላላ፣ በለጋምቦ፣ በጃማና በቦረና ሰርግ የምትቀርጹ ደግሞ፣ ለሙሽሮቹ የምትሰጡትን እንደ ወደዳችሁ አስውቡት። ያልተቆረጠውን፣ የሴቶቹ ድምፅ ያለበትን ዋናውን ቅጂ ግን ለሚቀጥለው ሰርግ ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ አታጥፉት። እኔ እየመጣሁ እገለብጣለሁ፤ ፍላሹንም እኔ እገዛለሁ።